አክተሩ የቱ ነው?

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረ። በ50 ሳንቲም ትገባለህ። አግዳሚው ላይ በሁለት ጎረምሳ መሃል ትጣበቃለህ። እንግሊዝኛው አይገባንም፤ ግን አንድ ነገር ይገባናል። አክተሩ አይሞትም። ፊልሙ ሲጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ «አክተሩ የቱ ነው?» ነው። እሱ ከታወቀ ሌላው ቀላል ነው። እሱ ላይ የሚተኩስ ሁሉ ክፉ ነው፣ ቆንጆዋም የሱ ናት።

«ብሬቭሃርት» የመጣ ጊዜ ይህ ሕግ ፈረሰ። ከእንግሊዝ ጋር የሚዋጋው ስኮትላንዳዊ ዊልያም ዋላስ ፊቱን ሰማያዊ ተቀብቶ እንግሊዞቹን እንደ ጎመን ሲከትፍ ቆየና ተይዞ ተገደለ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ጎረምሳ «ክፍል ሁለት አለው» ብሎ አጽናናን። እኔም ቤት ገብቼ ለታናሽ እህቴ «ክፍል ሁለት አለው» አልኳት። ለስንት ሳምንት እንደጠበቅነው እኛ ነን የምናውቀው።

ዛሬ እኔ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን የምትባል ትንሽ ከተማ እኖራለሁ። እህቴ ለንደን ናት። እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። የቤት ወሬ ሲያልቅ ወደ ፊልም እንገባለን። እኔ የአሜሪካ፣ እሷ የእንግሊዝ ጠበቃ ሆነን እንጨቃጨቃለን። ሁለታችንም በሰው ሀገር ነን፤ ጭቅጭቁ ግን የምር ነው።

በቀደም ብሬቭሃርትን አነሳሁባት።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ግማሹ ውሸት ነው» አለችኝ።

ዘረዘረችልኝ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) በ1297 ዋላስ ድል ያደረገበት የስተርሊንግ ውጊያ ድልድይ ላይ ነው። ድልድዩ ጠባብ ስለነበረ እንግሊዞቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ሲሻገሩ ነው የተመቱት። ፊልሙ ላይ ድልድይ የሚባል ነገር የለም። ሰፊ ሜዳ ነው። የድሉን ምስጢር አውጥተው ጥለውታል። ከዋላስ ጋር ፍቅር የያዛት ልዕልት ኢዛቤላ ደግሞ፣ እሱ በ1305 ሲገደል ፈረንሳይ ያለች የ10 ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ፊልሙ ግን 5 ኦስካር ወሰደ። ስኮትላንድ ውስጥ ከዋላስ መታሰቢያ ግንብ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ጋ፣ የሜል ጊብሰንን ፊት የያዘ የዋላስ ሐውልት ለዓመታት ቆሞ ነበር። ሰውየው ከ700 ዓመት በኋላ በአክተሩ ፊት ተቀረጸ።

እህቴ ዋናውን ክስ የምታመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «እናንተ አሜሪካኖች የሰው ታሪክ ትሰርቃላችሁ» ትለኛለች። እኔ አሜሪካዊ የሆንኩት ትናንት ነው፤ ስርቆቱ ላይ ግን አልቀረሁም።

የምትጠቅሰው በ2000 የወጣውን «ዩ-571» ነው። አሜሪካውያን መርከበኞች ከጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ላይ ኤኒግማ የሚባለውን የምስጢር መልእክት ማሽን ሲማርኩ ያሳያል። እውነቱ ሌላ ነው። በሜይ 1941 ዩ-110 ከተባለችው የጀርመን መርከብ ላይ ማሽኑን የማረኩት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰዎች ናቸው። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ነው። ነገሩ የእንግሊዝ ፓርላማ ድረስ ሄደ። ቶኒ ብሌር ራሳቸው፣ ፊልሙ ለሞቱት መርከበኞች ንቀት ነው በሚለው ተስማሙ። አስቡት፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ፊልም ፓርላማ ቆሞ ሲናገር።

በዚያው ዓመት «ዘ ፓትሪየት» መጣ። አሁንም ሜል ጊብሰን፣ አሁንም ክፉዎቹ እንግሊዞች። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ሰው የሞላበት ቤተ ክርስቲያን ዘግተው ሲያቃጥሉ ያሳያል። እንዲህ ያለ ነገር የሠሩት ናዚዎች ናቸው፤ በ1944፣ ኦራዱር ሱር ግላን በምትባል የፈረንሳይ መንደር። የእንግሊዝ ጋዜጦች ጮኹ። እህቴ እስካሁን ትጮሃለች።

እኔ ግን ስለዚያ ፊልም ሌላ ነገር ነው የገረመኝ። አክተሩ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ትልቅ እርሻ አለው። እርሻው ላይ የሚሠሩት ጥቁሮች «እኛ ባሮች አይደለንም፣ ነጻ ሠራተኞች ነን» ይላሉ። በ1776! ሳውዝ ካሮላይና! አክተሩ ንጹሕ እንዲሆን ባርነቱን ከነጭራሹ አጠቡለት። ስለዚህ በቁጣ የጻፈው ጥቁሩ ዳይሬክተር ስፓይክ ሊ ነው። ለእንግሊዝ መንግሥትም ጋዜጣም አላት። ባሪያው ግን ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ስፓይክ ሊ እስኪመጣለት መጠበቅ ነበረበት።

ወደ እኔ ሰፈር ልምጣ።

አትላንታ ሲባል ዓለም የሚያውቀው ፊልም «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው። እኛ ታሪኩን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለን ነው የምናውቀው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ መጽሐፉን በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ፣ በ3,000 ገደማ ብጣሽ፣ ተረጎመው። አክስቴ ቅጂዋን ለማንም አታውስም ነበር። ስካርሌት ኦሃራ ጦርነት ያጠፋው ቤቷ ተመልሳ፣ ከመሬት ሥር ነቅላ በልታ፣ ሁለተኛ አልራብም ብላ የምትምልበት ቦታ ላይ ስትደርስ አክስቴ ሁሌ ታለቅስ ነበር። ጦርነትና ረሃብ ያየ ሰው ያንን ገጽ ያውቀዋል። እኔም አንብቤው ወደድኩት።

አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ነበረች። ከእኔ በብዙ ትበልጣለች፤ በልቤ «እማማ» ነበር የምላት። አንድ ቀን አንሶላ እያጠፍን፣ «የእናንተን ከተማ ታሪክ እኮ ሀገሬ ሆኜ አንብቤዋለሁ፣ በጣም ወድጄው ነበር» አልኳት። የትኛውን እንደሆነ ነገርኳት። አንሶላውን አጥፋ እስክትጨርስ ዝም አለች።

ከዚያ «አንተ እዚያ ውስጥ የትኛው ነበርክ?» አለችኝ።

አልገባኝም። ሳቅሁ። ማታ አውቶቡስ ውስጥ ነው የገባኝ። እኔ ስካርሌት ነበርኩ። አዲስ አበባ፣ የጭቃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ እንደልማዴ አክተሯን ፈልጌ አግኝቼ እሷን ሆንኩ። ያለቀሰችው አክስቴም ስካርሌት ነበረች። ስካርሌትን ያሳደገቻትን ባሪያ፣ ማሚን፣ አንዳችንም አልሆንንም። የት እንደምትተኛ እንኳ አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መከታተል ያዝኩ። ፊልሙ መጀመሪያ የታየው እዚሁ አትላንታ ነው፤ ዲሴምበር 15 ቀን 1939። ከተማዋ በደስታ ሰከረች። ማሚን ሆና የሠራችው ሃቲ ማክዳንኤል ግን ምርቃቱ ላይ አልተገኘችም፤ የጆርጂያ የዘር መለያ ሕግ ከባልደረቦቿ ጋር አያስቀምጣትም። በማግሥቱ ዓመት ኦስካር አገኘች፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ናት። እዚያም ብትሆን ከፊልሙ ሰዎች ተለይታ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ነበር ያስቀመጧት። ከምርቃቱ በፊት በነበረው ምሽት ደግሞ ለከተማዋ ትልልቅ ሰዎች የዳንስ ግብዣ ነበር። የኤበኔዘር ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የባሪያ ልብስ ለብሰው ዘመሩላቸው። ከመዘምራኑ አንዱ የ10 ዓመት ልጅ ነው። ስሙ ማርቲን ሉተር ኪንግ።

በ2020 ኤችቢኦ ማክስ የተባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ይህን ፊልም ከገጹ ላይ አነሳው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መለሰው፤ መጀመሪያው ላይ አንዲት ጥቁር የፊልም ምሁር ስለ ዘመኑና ስለ ውሸቱ የምታስረዳበት መግቢያ ጨምሮ። ይሄ አካሄድ ደስ አለኝ። ሰዉ መግቢያውን እየዘለለ እንደሚያየው ግን አልጠራጠርም። እኔም ሁለተኛ ሳየው ዘልዬዋለሁ።

ከዚህ የከፋም አለ። ከቤቴ ራቅ ሳይል ስቶን ማውንቴን የሚባል አንድ ወጥ ድንጋይ የሆነ ተራራ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሀበሻው ለስፖርት ይወጣዋል። ጫፉ ላይ ደርሰን ፎቶ እንነሳለን፣ ስንወርድ ቡና እንጠጣለን። በ1915 ግሪፍዝ የተባለ ዳይሬክተር «በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» የሚል ፊልም አወጣ። በዚያ ፊልም አክተሮቹ ኩ ክለክስ ክላን፣ ጥቁሮችን የሚያሸብሩት የነጮች ቡድን፣ ናቸው። ነጭ ለብሰው፣ ፈረስ ጋልበው፣ ሴት ለማዳን የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ክፉዎቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን የሚጫወቱት ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች። ፊልሙ ዋይት ሃውስ ውስጥ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ታየ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ጥቂት ሰዎች ስቶን ማውንቴን ጫፍ ላይ ወጡ። መስቀል አቃጥለው ሞቶ የነበረውን ክላን እንደገና አቋቋሙ። ፊልሙ አትላንታ ሲገባ ክላኑ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ተራራው ጎን ላይ ዛሬም ለባርነት የተዋጉ ሦስት መሪዎች ፈረስ ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። ሥራው ያለቀው በ1972 ነው፤ ኪንግ ከተገደለ ከ4 ዓመት በኋላ።

ፊልም ሰው ይገድላል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር።

እዚህ ሀገር የማደንቀው ግን ክሱ አለመቆሙን ነው። በ2012 ስለ ሊንከን የተሠራው ፊልም ሁለት የኮነቲከት እንደራሴዎች ባርነት እንዳይጠፋ ድምፅ ሲሰጡ አሳየ። የግዛቲቱ ተወካይ የኮንግረሱን መዝገብ አገላብጦ፣ በ1865 አራቱም የኮነቲከት እንደራሴዎች «ይጥፋ» ብለው ነው የመረጡት ብሎ ጻፈ። የፊልሙ ጸሐፊም ስህተቱን አመነ። ሰውየው ስለሞቱ እንደራሴዎች ስም ይህን ያህል ሲደክም ሳይ ቀናሁ። መዝገቡ አለ፣ ይገለጣል፣ ክርክሩ ያልቃል። እኛ አንድ ንጉሥ የት ተወለደ የሚለውን ይዘን ሠርግ እናፈርሳለን።

ለእህቴ ይህን ስነግራት በ2006 የወጣውን «አሜዚንግ ግሬስ» ትመዝብኛለች። ዊልበርፎርስ የባሪያ ንግድን በሕግ ያስቀረበት ታሪክ ነው፤ ሕጉ በ1807 ወጣ። «የእኛዎቹ ያለ ጦርነት አስቀሩት» ትላለች። እኔም የምጠብቀው ይህንኑ ነው። ባርነቱ ራሱ በ1833 ሕግ ሲቀር መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለ። ለማን? ለባሪያ ጌቶች። ለዚያ የተበደረው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። እህቴ ለንደን ከገባች ከ2008 ጀምሮ ግብር ትከፍላለች።

«ስለዚህ አንቺም አዋጥተሻል» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ይሄ ፊልሙ ላይ የለም» አለች።

ማሚን አክተር አድርጎ ያሳየኝ ፊልም የሠራው የእኛው ሰው ነው ብላችሁስ? ኃይሌ ገሪማ፣ የጎንደር ልጅ። «ሳንኮፋ» በ1993 ወጣ። ጋና የባሪያ ምሽግ ውስጥ ፎቶ የምትነሳ ጥቁር ሞዴል ወደ ኋላ ተወስዳ አሜሪካ የሸንኮራ እርሻ ላይ ባሪያ ትሆናለች። እዚያ ያሉት ሴቶች ያሴራሉ፣ ያምፃሉ፣ ይሸሻሉ። የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም አሉት። እሱም አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ ዞሮ አሳየው። ዋሽንግተን ሄዳችሁ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚሁ ስም የሚጠራውን መጽሐፍ ቤትና ካፌ ታገኙታላችሁ። በ2021 የ«ሴልማ» ዳይሬክተር የአቫ ዱቨርኔ ድርጅት ፊልሙን አድሶ ኔትፍሊክስ ላይ አወጣው። ያቺን የልብስ ማጠቢያ ክፍሏን እናት አሰብኳት። ባሳያት ደስ ባለኝ።

አዲስ አበባ ፊልም የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ስሄድ «ለምን የታሪክ ፊልም አትሠራም?» አልኩት። ሳቀብኝ። «አንድ ቪላ፣ ሁለት መኪና፣ አንዲት ቆንጆ፤ የፍቅር ኮሜዲዬ አለቀ። ንጉሥ ካነሳሁ ፈረሱን ከየት አመጣለሁ? ፈረሱን ባገኝስ በየትኛው ወገን ልሰደብ?» አለኝ። ፈረንጆቹ ፊልሙ ከወጣ በኋላ ይጣሉበታል። እኛ ፖስተሩ ላይ ነው የምንጣላው።

ባለፈው እሁድ ለእህቴ «መቅደላን እንግሊዞች ፊልም ቢያደርጉትስ?» አልኳት። ነገሩ ለፊልም የተፈጠረ ነው። በ1868 ናፒየር ከሕንድ 44 ዝሆን ጭኖ፣ ዙላ ወደብ ላይ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ተራራ ለተራራ መጣ። አፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ያኔ የ7 ዓመት ልጅ የነበረው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀብሯል። አፅሙ ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ በ2023 እምቢ አለ።

«እነሱ ከሠሩት አክተሩ ናፒየር ነው» አልኳት።

«አይሆንም። አክተሩ ልጁ ይሁን» አለች። «መርከቡ ላይ ይጀመር። ትንሽ ልጅ፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ሁሉም ሰው የሚያፈጥበት።»

ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም ለንደን የገባች ቀን እሷን አስቤ ዝም አልኩ።

«ግን እኮ አክተሩ ይሞታል» አልኳት በመጨረሻ።

«ክፍል ሁለት አለው» አለችኝ።