ማስተካከያ፦ ስለ አሜሪካ ቴሌቪዥን የዓለም ዋንጫ ግምቶች የጻፍኩት

ከምኖርበት ከቨርጂኒያ ሆኜ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የእግር ኳስ ግምቶችን በተቸሁበት ባለፈው ጽሑፌ ሁለት ስህተቶች ሠርቻለሁ። አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከባዱ የመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ግማሽ ፍጻሜ፣ በወቅቱ በስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን ሥር የነበረው፣ በስታቲስቲክስ የሚተነብየው ድረ ገጽ ፋይቭ ሰርቲ ኤይት ብራዚል ጀርመንን የማሸነፍ ዕድሏን 65 በመቶ ብሎ ገምቶ ነበር። እኔ ግን «ብራዚል እንደምታልፍ አረጋገጠ» ብዬ ጻፍኩ። አላረጋገጠም። 65 በመቶ ማለት እንዲህ ካሉ ሦስት ጨዋታዎች አንዱን ያህል ጀርመን ታሸንፋለች ማለት ነው። ከብራዚል በኩል ኔይማር ተጎድቶ፣ ቲያጎ ሲልቫ በካርድ ታግዶ ነበር። በ29ኛው ደቂቃ ጀርመን 5 ለ 0 ስትመራ፣ አጠገቤ የነበረ የብራዚል ማሊያ የለበሰ ልጅ አንገትጌውን እስከ ዓይኑ ስቦ ፊቱን ሸፈነ። ቁጣዬን ያመጣው ያ ትዕይንት ነው፤ የቁጥሩን ትርጉም ለማዛባት ግን ምክንያት አይሆነኝም። ቅሬታዬ የሚጸናው መቶኛውን ያለ ማብራሪያ እንደ ፍርድ በሚያነቡ ተንታኞች ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ በ2022 ሞሮኮ ሩብ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ናት ማለቴ ነው። ካሜሩን በ1990፣ ሴኔጋል በ2002፣ ጋና በ2010 ቀድመዋታል። ሞሮኮ የመጀመሪያ የሆነችው ፖርቱጋልን 1 ለ 0 ረትታ ግማሽ ፍጻሜ በመግባቷ ነው። የካሜሩኑ አጥቂ የሮጀር ሚላ ስም በፍቅር ሲነሳ እየሰማሁ አድጌ የካሜሩንን ድል መዝለሌ ከልብ አሳዝኖኛል።

ሁለቱም ቦታዎች ታርመዋል።