ይድረስ ለክቡር ኮድ አንባቢ ማሽን

ጉዳዩ፦ መኪናዬን ሳያዩ ፍርድ ስለመስጠትዎ

ክቡርነትዎ ከጋራዡ ዕቃ ሁሉ ተለይተው በተቆለፈ መሳቢያ እንደሚያድሩ አውቃለሁ። ስለዚህ በአክብሮት ነው የምጽፈው።

ትናንት ከቪትዝ መኪናዬ መሪ ስር ተሰኩ። «ፒ0135» የሚል የብልሽት ኮድ አወጡ። መካኒኩ «ኦክስጅን ሴንሰሩ (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) ሞቷል» ብሎ ተረጎመልኝ። እንዴት አወቅህ ስለው ስክሪንዎን ወደ ፊቴ አዞረ። «ማሽኑ ነው ያለው።» ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል? መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ነጋዴው ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ስለ ዶላር አስተማረኝ። ገዛሁ። ተገጠመ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ የእጅ ተከፈለ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ያቺ የሞተር ችግር የምትጠቁመው ቢጫ መብራት ቦግ አለች።

ተመለስኩ። መካኒኩ ሰው ሁሉ እየሰማ «ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው?» አለኝ። ከየት እቀዳለሁ? ሰልፉ ካለበት ነዋ! ሻይ የያዙት ሹፌሮች ሳቁ። አንዱማ «ወንድሜ፣ ሸጠህ ታክሲ ተሳፈር» ብሎ መከረኝ። እርስዎ ደግሞ እንደገና ተሰክተው ያንኑ ፒ0135 ደገሙት። የመካኒኩ ውሳኔ፦ አዲሱም ፎርጅድ ነው፣ ኦሪጅናል ይገዛ።

ይሄኔ ጎማ ሲፈታ የነበረው ረዳት ልጅ ቴስተር ከግድግዳ አውርዶ የሴንሰሩን ሶኬት ለካ። ወደ ማሞቂያው የሚሄድ ከረንት የለም። ገመዱ የጭስ ቱቦው ላይ ተኝቶ ቀልጧል፤ ፊውዙንም አቃጥሎታል።

ፒ0135 እኮ «ሴንሰር ቀይር» አይልም! የሴንሰሩ ማሞቂያ መስመር ላይ ችግር አለ ነው የሚለው። ሴንሰሩ ወደ 300 ዲግሪ ካልጋለ በደንብ አያነብም፤ ማሞቂያ የተሠራለት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ ቶሎ እንዲግል ነው። መስመሩ ፊውዝም ነው፣ ገመድም ነው፣ ሶኬትም ነው። ፊውዝ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቴስተሩ እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ነው የከፈልኩት። ገንዘቤን መልሱ ብል «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ለገመዱ መቀጠያ ደግሞ ሌላ የእጅ ተጠየቅሁ። ዓይን አውጣ!

ክቡርነትዎ፣ ይሄ ቁጣ እንኳ ለመካኒኩ እንጂ ለእርስዎ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ፒ0420 ብለው የጭስ ማጽጃውን ካታሊስት ሊያስቀይሩኝ የነበረውን አላነሳም። ጥፋቱ ግን የጭስ ቱቦው ማርሚታ ነበር፤ መገጣጠሚያው ላይ ተቀዶ። የካንዴላውንማ ተዉት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለረዳቱ ልጅ፣ የራሱን ጋራዥ ሲከፍት አድራሻውን እንዲልክልኝ
ለሶማሌ ተራው ነጋዴ፣ አንዳች እንከን የሌለበት አሮጌ ኦክስጅን ሴንሰር በእጄ ስለሚገኝ በዛሬው ዶላር እንዲገዛኝ