«ውሃ ድፉበት!»

የእህቴ ልጅ የገና ጨዋታ ሲጫወት ግንባሩን ተመታ። ቢቸና፣ የገና ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ። መንገዱ ሰላም ሳለ ነው እንግዲህ። እሩሯ ጠንካራ እንጨት ናት፤ የመጣችውም ከቅርብ ነው። ልጁ ተዘረረ። ከዚያ ተነሣና ወደ ራሱ ወገን ግብ ይሮጥ ጀመር።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን «አስወጡት! ዛሬ እንዳይገባ!» ብዬ ጮህኩ። «ውሃ ድፉበት!» አለ አንዱ። በጆግ ደፉበት። ዱላውን መልሰው አስጨበጡት። አጎቴ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ይኸ ልጅ ወንድነቱን ፈረንጅ አገር ጥሎት መጣ» አለ። እስካሁን ያንገበግበኛል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ እኔ ግን ተቆጣሁ።

ያስቆጣኝ ካርዲፍ፣ የዌልስ ዋና ከተማ፣ ያለው ጎረቤቴ ነው። ዌልስ ውስጥ ራግቢ፣ ያ ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋጩ የሚሮጡበት ጨዋታ፣ እንደ ሃይማኖት ነው፤ እሱም ለዓመታት እየተከፈለው ተጫውቷል። ጆሮው ተጨማዶ የተቀቀለ ድንች መስሏል። አንገት የሚባል ነገር አልተሰጠውም። ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ጉልበቱ እምቢ አለውና አቆመ። ዛሬ ዕቃ ያመላልሳል። ደግ ሰው ነው። ግን «አገርህ የት ነበር ያልከኝ?» ብሎ ስንቴ እንደጠየቀኝ መቁጠር ትቻለሁ። ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን እጁ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ይጽፍና ደግሞ በማግስቱ ያወጣዋል።

ሐኪም አይደለሁም፤ የራግቢ ጣጣ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን ስቲቭ ቶምሰንን ተመልከቱ። በፈረንጆች 2003 እንግሊዝ የራግቢ ዓለም ዋንጫ ስትወስድ ሜዳ ላይ ነበር። በ42 ዓመቱ የመርሳት በሽታ እንደያዘው ተነገረው። ዋንጫውን ማሸነፋቸውን ራሱ አላስታውስም አለ። የዌልስ አምበል የነበረው ራያን ጆንስም በ40 ዓመቱ ተመሳሳዩን ሰማ። እስቲ ጎበዝ የተባለበትን ቀን የሚረሳ ጎጃሜ አሳዩኝ!

አሁን ታዲያ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ካለ ሐኪም ያስወጣዋል። «የት ሜዳ ላይ ነን? መጨረሻ ነጥብ ያስቆጠረው ማነው? ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አሸነፋችሁ?» ይለዋል። ካልመለሰ አበቃ። 120 ኪሎ የሚመዝን ሰውዬ እንደ በግ ተነድቶ ይወጣል። ዳኛውን የሚሳደብ የለም። ለመዝናናት የሚጫወተውማ፣ ጭንቅላቱ ተናግቶ ከሆነ 21 ቀን ሳይሞላው ወደ ውድድር አይመለስም። ሃያ አንድ ቀን! እኛ ጋ አንድ ጆግ ውሃ።

ማታ ጠላ ይዘን ይህን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳሁት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ይከፈላቸዋል?» ነው። ክፍያው በይፋ የተፈቀደው በፈረንጆች 1995 መሆኑን ነገርኩት። ከዚያ በፊት የዌልስ ጀግኖች ከሰል ማውጫና ብረት ፋብሪካ ውለው ነበር የሚጫወቱት። ኳሷን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል እንደሆነም ነገርኩት።

«ወደ ኋላ እየሰጡ ወደ ፊት ሊሄዱ? ይኸማ የእኛ ቀበሌ ነው» አለ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ትልልቅ የእንግሊዝ ክለቦች በዕዳ እንደፈረሱ፣ ተጫዋቾቹም ሜዳ ላይ እንደቀሩ ስነግረው ግን ጠላውን አስቀመጠ።

«ታዲያ መሬት የላቸውም?»

«የላቸውም፣ ጋሼ።»

«በሬስ?»

ምን ልበለው? ጎረቤቴ ያለው አንድ ያረጀ ቫን ነው።

አጎቴ አዘነላቸው። ለፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ለእኔ እንኳ ይቅርታ ያለኝ የለም። ልጁን ጨዋታው ሲያልቅ በትከሻቸው ተሸክመው ነበር ያመጡት፤ አሸናፊዋን ግብ አግብቷል። ግንባሩ ላይ ቅቤ ተቀብቶ ምድጃው ዳር ተቀምጧል።

ዞር አለና «አጎቴ፣ ማን አሸነፈ?» አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።