አይጠየፍን እያስጎበኙ «መጤ» ማለት

ሰሞኑን ደሴ ላይ በአንድ የነዋሪዎች ስብሰባ፣ መድረክ ላይ የተቀመጡ ኃላፊ ነባሩ ከመጤው ተለይቶ እንደሚመዘገብ፣ መሸኛ ለሌለው መታወቂያ እንደማይታሰብና አንድነታችን የሚጠበቀው በዚህ መንገድ እንደሆነ ነገሩን። ጭብጨባም አላጡም።

ነባር? ደሴ ላይ? አረብ ገንዳ የሚባለው የከተማዋ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጦሳ ተራራ በፈለቁ ሰዎች ነው እንዴ? ከተማዋን መናገሻ ያደረጓት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ነበሩ፤ ያሠሩት አዳራሽም ስሙ አይጠየፍ ነው። (እንግዳ ሲመጣ ኃላፊዎቻችን የሚያስጎበኙት ይህንኑ ነው።) ኮምቦልቻማ ከየአገሩ ከመጣው ወዛደርና ሹፌር ውጪ ምን ነበረች?

«መሸኛ ለደኅንነት ነው» ይሉናል። እስቲ እንየው። የለቀቁት ቀበሌ የቀድሞ መታወቂያዎን ተቀብሎ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ የተፈረመበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይጽፋል። ተቀባዩ ቀበሌ ፎቶግራፍና የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ አከራይዎ ቀርቦ «አዎ፣ እኔ ጋ ነው የሚኖረው» እንዲልም ይፈልጋል። የአያት ስም አንዱ ላይ በ«ፀ»፣ ሌላው ላይ በ«ጸ» ተጽፎ ከተገኘ ይመለሳሉ። አከራዩ ደግሞ አይመጣም፤ ውሉ ከታየ የኪራይ ገቢ ግብር ይከተለዋላ! ይህ እንግዲህ አገር ሰላም ሲሆን ነው። ጽሕፈት ቤቱ ተቃጥሎ፣ መዝገቡ ጠፍቶ ለሸሸ ሰው መሸኛውን ማን ይጻፍለት? ሊቀመንበሩም አብሮት ተፈናቅሏል። መታወቂያ ከሌለ የባንክ ደብተር የለም፣ ቅጥርም የለም። የሐሰት መታወቂያ መኖሩን አልክድም። ግን ክፉ ያሰበ ሰው ከሁሉም ያማረ መሸኛ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ወረቀት የሚያጣው የተፈናቀለው ነው።

ደግሞ ይህን «ዋስ የሚሆንህን ሰው አምጣ» የሚል አሠራር የወሎ ሰው አጥቶት አይደለም። ባሕር ማዶ ስሙ ካፊል ነው። ልጆቻችን ጅዳና ሪያድ ውስጥ ኢቃማቸው (የመኖሪያ ፈቃዳቸው) በካፊል እጅ ሆኖ፣ እሱ ሲቆጣ ሕገወጥ እየተባሉ ኖረዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ጠርዛ ስትመልስ ግፍ ነው ብለን አልቅሰናል፤ ልክ ነበርን። የስንቱ የደሴ ቤት ጣሪያ የተቀየረው በእነሱ ሐዋላ ነው! ታዲያ ጅዳ ላይ ግፍ ያልነውን እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ሥርዓት የምንለው በየትኛው አፋችን ነው? ልጁን ሰው አገር የላከ ሁሉ በዚያ ስብሰባ ማጨብጨብ አልነበረበትም።

ሕጉም ከኃላፊው ጋር አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 በመረጡት አካባቢ መኖርን መብት ያደርገዋል፣ በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ላለ የውጭ ዜጋም ጭምር። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ የሆነው ፋይዳ፣ ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ አሥር የጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል፤ ሰነድ ለሌለው ምስክር ይቀበላል፤ ብሔር ግን አይጠይቅም። ዓይን አንብቦ ሰው የሚለይ መሣሪያ እያለ ማኅተም ፍለጋ ወደተቃጠለ ቀበሌ መመለስ ማንገላታት እንጂ ደኅንነት አይባልም።

ነባሩን ከመጤው የሚለይ ኮሚቴ ይቋቋም ከተባለ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የኮሚቴው አባላት የራሳቸውን መሸኛ የሚያመጡት ከየት ነው?