«ጃጁ» ብለን ከመተዋችን በፊት

በጎጃም ሽማግሌ የልጁን ስም ሲስት፣ ያወራውን መልሶ ሲያወራ፣ ከገበያ ሲመለስ መንገዱ ሲጠፋበት «ጃጀ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ ጉባኤ ቤቶች በኖሩበት፣ ዕውቀት በቃል ተይዞ ከአፍ ወደ ጆሮ በሚተላለፍበት አገር፣ ትዝታ ሲከዳ ምክንያቱን የሚጠይቅ መጥፋቱ ያሳዝነኛል። በልጅነቴ የማውቃቸው አንድ የኔታ የነገሩትን ጉባኤ ቃና ወዲያው እንደ አዲስ ሲነግሩ ተማሪዎቻቸው አክብረዋቸው ዝም ይሉ ነበር፤ ሐኪም ዘንድ የወሰዳቸው ግን አልነበረም።

ትዝታን ቀስ በቀስ የሚነጥቀው አልዛይመር በሽታ እንጂ የእርጅና ጠባይ አይደለም። አሚሎይድና ታው የተባሉ ፕሮቲኖች አንጎል ውስጥ መከማቸት የሚጀምሩት ምልክቱ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ውድ የአንጎል ምስል ማንሳት ወይም ከአከርካሪ ፈሳሽ መቅዳት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ምልክት ለታየባቸው፣ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚያገለግል የደም ምርመራ ፈቅዷል።

ያ ምርመራ ትልቅ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ ለእኛ ተስፋ የሚሆነው ባዮሴንሰር፣ ማለትም ደም ውስጥ የሚፈለገውን ነገር ለይቶ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ነው። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ወግቶ የሚለካበት መሣሪያ ራሱ ባዮሴንሰር ነው። ለአልዛይመር የሚሠራው ደግሞ በወርቅ ወይም በግራፊን (እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ) ላይ የተለጠፈ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ታውን ሲይዝ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ለውጥ ያነባል። ችግሩ ፕሮቲኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው በግራም ትሪሊዮንኛ የሚቆጠር መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ገና ከቤተ ሙከራ አልወጡም።

«መድኃኒት ለሌለው በሽታ ማወቁ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ሌካኔማብና ዶናኔማብ የተባሉት አዳዲስ መድኃኒቶች በሽታውን የሚያዘገዩት በመጠኑ ነው፤ ዋጋቸውና የሚጠይቁት ተደጋጋሚ የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ክትትልም ለደብረ ማርቆስም ሆነ ለቢቸና ነዋሪ የሚቀመስ አይደለም። እኔ ግን ትልቁ ጥቅም «አልዛይመር አይደለም» የሚለው መልስ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም ያስረሳሉ፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። መልሱ «ነው» ከሆነም፣ አባት አእምሮው ሳይከዳው ነፍስ አባቱ ባሉበት ይናዘዛል፣ የመሬቱን ነገር ይቋጫል፤ ልጆቹም ክፋት የመሰላቸው ነገር ሕመም መሆኑን ያውቃሉ።

ኩላሊቱ የታመመ ሰው ደሙ ውስጥ ያለ አልዛይመርም ታው ከፍ ሊል ስለሚችል፣ በሌላ አገር ሰዎች ደም የተወሰነውን ልክ፣ ማለትም በሽታው አለ የሚያሰኘውን የታው መጠን፣ እንዳለ መቀበል አደገኛ ነው። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች መሣሪያው እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ በአካባቢው አረጋውያን ፈቃድ የደም ናሙና እየሰበሰቡ የእኛን ልክ ከአሁኑ ማጥናት ይገባቸዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ እናቶችና ሕፃናት እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ «ያወሩትን የሚደግሙ፣ መንገድ የሚጠፋባቸው አዛውንት አሉ ወይ?» ብለው መጠየቅ ዛሬውኑ ይችላሉ፤ ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።