በዚህ ዘይት ሌላ ምን ይጠበሳል?

ጥያቄዬ ይቺው ነበረች። «ወንድሜ፣ ድንቹን በምትጠብሱበት ዘይት ዱቄት የተለወሰ ዶሮም ትጠብሳላችሁ?»

አስተናጋጁ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። መልሱን እንደሚያውቀው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ግን አልነገረኝም። ከኪሱ አንድ ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ይቅርታ፣ እንድንመልስ አይፈቀድልንም» አለኝ።

ካርዱ ላይ የተጻፈው ባጭሩ ይህ ነው። ወጥ ቤታችን ስንዴ፣ ወተት፣ እንቁላልና ለውዝ ይጠቀማል። ማንኛውም ምግብ ከእነዚህ ነፃ ነው ብለን ዋስትና አንሰጥም። አስተናጋጆቻችን ስለ ምግብ ይዘት ጥያቄ አይመልሱም።

ከቤተሰቤ ጋር ለእረፍት ያረፍንበት ሆቴል በዚህ ዓመት ያወጣው አዲስ ውሳኔ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሴሊያክ የሚባል፣ ስንዴ አንጀቷን የሚጎዳባት በሽታ አለባት። የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ የወተት ፕሮቲን አለርጂ አለበት። ለሰባት ቀን ቁርስ፣ ምሳና እራት ከፍለናል። ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁት። መጣ፤ በትሕትና አዳመጠኝ። ከዚያ እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣ ነገር ተናገረ። «የጤና ችግር ያለበት ሰው ሲጓዝ ምግቡን ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል። ድሮ እኮ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም፤ አሁን ፋሽን ሆነ።»

ከመጨረሻው ልጀምር።

ድሮ አልነበረም? የግሪኩ ሐኪም አሬቴዎስ የዚህን በሽታ ምልክት የጻፈው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጂ በልጆች ላይ የሚታየውን ሁኔታ በዝርዝር የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ፈውሱ ያለው አመጋገብ ላይ ነው ያለውም እሱ ነው። ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑን ያረጋገጠው ደግሞ የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የረሃብ ክረምት፣ ሆላንድ ውስጥ ዳቦ ጠፍቶ ነበር። ዲከ ቀድሞም በስንዴ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ያኔ ተጠናከረ። በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ታዲያ ይሄ ነው ፋሽን? ከዲከ በፊት ብዙ ልጆች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እጅና እግራቸው መንምኖ ይሞቱ ነበር። መንስኤው ስላልታወቀ በሽታው አልነበረም ማለት አይደለም።

ዛሬ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ሴሊያክ እንዳለበት ይገመታል። አብዛኛው ደግሞ ገና አልተመረመረም። ያ ሥራ አስኪያጅ በቀን ሁለት መቶ ሰው ካስተናገደ ሁለቱ እነሱ ናቸው። በየቀኑ።

ሴሊያክ ምግብ መምረጥ አይደለም። ሰውነት ግሉተን የሚባለው፣ ስንዴና መሰል እህሎች ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲገባበት የገዛ አንጀቱን ያጠቃል። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉት ጣት መሰል ጥቃቅን ቅጥያዎች ይጠፋሉ፤ ምግብ ወደ ደም የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚመረተውም እዚያው ጫፋቸው ላይ ነው። ለዚህ ነው ብዙ የሴሊያክ ታማሚ፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ፣ ወተትም አልስማማ የሚለው። መድኃኒት የለውም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው።

መጠኑን ደግሞ እንየው። አብዛኛው ታማሚ ሊቋቋመው ይችላል ተብሎ የሚታሰበው በቀን እስከ 10 ሚሊግራም የሚደርስ ግሉተን ነው። አንድ ቁራሽ ዳቦ ውስጥ 2 ግራም ገደማ አለ። ዳቦውን 200 ቦታ ብትቆራርሱት አንዷ ፍርፋሪ ማለት ነው። ሰላጣ ላይ የተበተነውን ደረቅ ዳቦ በጣት ለቅሞ «ይኸው፣ አሁን ነፃ ነው» ብሎ መልሶ የሚያመጣ አስተናጋጅ ልጄን እያሳመማት ነው። ክፋት የለበትም። የነገረው ሰው የለም።

አሁን ወደ ካርዱ።

ብዙ ሰው የእኛን ጥያቄ ሲሰማ ልዩ ምግብ እንዲሠራልን የጠየቅን ይመስለዋል። አልጠየቅንም። ከሜኑው ላይ ካሉት ሠላሳ ምግቦች ውስጥ የትኞቹን መብላት እንደምንችል ነው የጠየቅነው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሁለተኛው መናገር ብቻ ነው።

ወጥ ቤቱ ደግሞ ያውቃል። አያውቅም አትበሉኝ። ሶሱን የሚያወፍረው በዱቄት ይሁን በበቆሎ ስታርች ሼፉ ያውቃል፤ የገዛ እጁ ነው የጨመረው። ስጋው ከእሳት ሲወርድ ላዩ ላይ ቅቤ የሚያቀልጠው እሱ ነው። የተፈጨው ድንች ውስጥ ክሬም መግባቱን ያውቃል። ኦምሌቱ እንዲነፋለት የፓንኬክ ሊጥ ጠብ የሚያደርግበት ከሆነም ያውቃል። እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። እንቁላል ነው ብሎ ያዘዘ ሰው ስንዴ ይበላል።

ሼፉ ራሱ ያልሠራው ነገርም ቢሆን ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ሶያ ሶስ በአብዛኛው ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ነው የሚሠራው፤ ጠርሙሱ ላይ አለ። የሾርባ ማጣፈጫ ኩብ ውስጥ ስንዴ ወይም የወተት ዱቄት ሊኖር ይችላል፤ ማሸጊያው ላይ አለ። በሸርጣን ስም የሚሸጠው የተፈጨ ዓሣ ስንዴ ይገባበታል። ቋሊማው ውስጥ የዳቦ ዱቄት፣ ኮምጣጤው ውስጥ የገብስ ብቅል፣ በረዶ ሆኖ የመጣው ድንች ላይ እንዲንኮሻኮሽ የተረጨ ዱቄት ሊኖር ይችላል። ወተትም እንዲሁ ስሙን ቀይሮ ይገባል። አጓት ይሆናል። ካዜን የሚባለው የወተት ፕሮቲን ይሆናል። ይሄ ሁሉ ዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከሆቴሉ አስተናጋጅ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ በጽሑፍ ተቀምጧል። ተራምዶ ማንበብ ነው የቀረው። ሆቴሉ ግን አንብቦ መንገርን ከለከለ።

ካርዱ ጥንቃቄ ነው ይሉኛል። ጥንቃቄ ቢሆን ኖሮ ይለይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለልጆቼ የተቆረጠ ሐብሐብ ጠየቅኩ። ሐብሐብ! ያው ካርድ መጣ። የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ጠየቅኩ፤ ያው ካርድ። በዳቦ ዱቄት ተለውሶ የተጠበሰው ዓሣም ያው ካርድ ነው ያለው። ሐብሐብንና የተለወሰ ዓሣን እኩል የሚያደርግ ማስጠንቀቂያ ማንን ነው የሚያስጠነቅቀው? የሚጠብቀው ሆቴሉን ብቻ ነው። ልጄ ብትታመም «ነግረናችሁ ነበር» ለማለት የተዘጋጀ ወረቀት ነው።

«ብንሳሳት እንከሰሳለን» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። እውነት ነው፣ ሊሳሳቱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመጋቢዎች በኪስ በሚያዝ መመርመሪያ በየሬስቶራንቱ የሠሩትን 5,624 ምርመራ ሰብስቦ አየ። «ከግሉተን ነፃ» ከተባሉት ምግቦች 32 በመቶው ውስጥ ግሉተን ተገኘ። ይህን ቁጥር ይዘው «አያችሁ፣ አይቻልም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቀጥሎ ያለውን አንብቡ እላለሁ። በፒዛና በፓስታ ላይ ችግሩ ከግማሽ በላይ ነው። ለምን? ፒዛ ቤት ዱቄት አየር ላይ ይበናል፤ ሁሉም በአንድ ምድጃ ይገባል። ፓስታው ሌላው ፓስታ በተቀቀለበት ውኃ ይቀቀላል። ምሥጢር የለውም። ሙቀት ግሉተንን አያጠፋውም፤ ስለዚህ ውኃውን መቀየር፣ ድስቱን መለየት ያስፈልጋል። ምክንያቱ የታወቀ ስህተት «ምንም ማድረግ አይቻልም» አያስብልም።

ትንሽ ወጥ ቤት ሁለተኛ መጥበሻ ላይኖረው ይችላል። እሺ። «የለኝም» ይበለኝ። አመሰግነዋለሁ፤ ድንቹን ትቼ ሌላ አዛለሁ። ዝም የሚለኝን ነው የማልቀበለው።

ደግሞ ሌላ ቦታ ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ሬስቶራንቶች ጭምር 14 ዓይነት አለርጂ አምጪ ነገሮች ምግባቸው ውስጥ መኖራቸውን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ግሉተን ያላቸው እህሎችም ወተትም ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ጣሊያን የፒዛና የፓስታ አገር ናት። እዚያ ሴሊያክን የሚመለከት ሕግ ያለው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ነው፤ ሬስቶራንትና ሆቴል የሚሠሩ ሰዎች ስለ በሽታው እንዲሠለጥኑም ይላል። በካሊፎርኒያም በ2025 የተፈረመው ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ሬስቶራንቶች ዋና ዋናዎቹን ዘጠኝ አለርጂ አምጪዎች ሜኑ ላይ እንዲያሳውቁ ያዛል፤ የሚጀምረው ሐምሌ 2026 ነው። በነገራችን ላይ ይሄኛው ጎደሎ ነው። ስንዴን ይላል እንጂ ገብስንና ራይ የሚባለውን የስንዴ ዘመድ አይጠራም። ለሴሊያክ ታማሚ ሦስቱም አንድ ናቸው። ቢሆንም መንገዱ ወዴት እንደሆነ ያሳያል። የእኛ ሆቴል ግን ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ባለፈው ዓመት ይመልሱ የነበሩ አስተናጋጆችን ዘንድሮ አፋቸውን አዘጋ።

አስተናጋጅ ካልሠለጠነ መልሱም ያስፈራል፣ እሱን አውቃለሁ። አንዱ ለትንሹ ልጄ «ላክቶስ የሌለበት» ወተት አመጣለት፤ በቅንነት። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። የእሱ ጠላት ፕሮቲኑ ነው፤ ላክቶስ በሌለበትም ወተት ውስጥ እንዳለ ነው። እንቁላልን ከወተት ተዋጽኦ የሚቆጥርም አጋጥሞኛል። «ቪጋን ነው»፣ ማለትም ከእንስሳት የተገኘ ነገር የለበትም ሲባል ግሉተን የለውም ብሎ የሚያስብም አለ፤ ሥጋን አስመስለው ከሚሠሩት አንዱ ግን ንጹሕ የስንዴ ግሉተን ነው። የዚህ ሁሉ መድኃኒት የግማሽ ቀን ሥልጠናና ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ካርዱን ለማሳተም የወጣው ገንዘብ ሠንጠረዡን ያሳትም ነበር።

«ምግባችሁን ይዛችሁ ኑ» ላለን ደግሞ፣ ይዘን ነው የምንጓዘው። ሻንጣችን ግማሹ ሩዝ ብስኩትና የታሸገ ምግብ ነው። ቀድሜ እደውላለሁ። ሰው ሳይበዛ፣ ሼፉ ጊዜ ሲኖረው እንገባለን። የማንበላውን በአገሩ ቋንቋ አስጽፌ በኪሴ እይዛለሁ። እኔ የድርሻዬን አድርጌያለሁ። ግን በዚያው ሆቴል የምግብ አዳራሽ በር ላይ ምን ተጽፏል መሰላችሁ? «የውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።» ሥራ አስኪያጁ ይዛችሁ ኑ ይላል፤ በሩ አታስገቡ ይላል። ልጄ የት ትብላ? አልጋዋ ላይ? የመጀመሪያውን ምሽት በእርግጥም አልጋዋ ላይ ነው የበላችው። «እማዬ፣ እናንተ ውረዱና ብሉ፣ እኔ እጠብቃችኋለሁ» አለችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እረፍት ላይ ነበርን።

በአራተኛው ቀን ከሆቴሉ ወጥተን ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት አንዲት ምግብ ቤት ገባን። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩ። ምግብ አብሳይዋ ራሷ እጇን እየጠረገች ወጣች። የሾርባውን ኩብ ማሸጊያ ይዛ መጥታ አብረን አነበብነው። «ሾርባውን ተይው፣ ስንዴ አለበት። ድንቹም ይቅር፣ ዘይቱ አንድ ነው። ዓሣውን ግን በሌላ መጥበሻ፣ በወይራ ዘይት እሠራላታለሁ። ሩዙ ቅቤ የለውም፤ ለትንሹም ይሆናል» አለችኝ። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ዋስትና አልሰጠችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ልጆቼ ሁለቱም በሉ፤ ከእኛ ጋር፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ። የቀሩትን ቀናት እዚያው ተመላለስን። ለሆቴሉ የከፈልነው የምሳና የእራት ሒሳብ እዚያው ቀረ።

ከተመለስን በኋላ ለሆቴሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ገንዘቡ አላነሳሁም። ካርዱ እንዲነሳ፣ በሩ ላይ ያለው ክልከላ ለታማሚ እንዲላላ ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይ ያቺኑ ጥያቄ ደገምኳት፤ ድንቹን በምትጠብሱበት ዘይት ዱቄት የተለወሰ ዶሮም ትጠብሳላችሁ?

ሦስት ሳምንት ሆነው። መልስ አልመጣም።