አዲስ ፊልትሮ በአሮጌ ጎሚኒ ላይ

ከልቤ ተናድጃለሁ። ረጅም መንገድ ልወጣ ስለሆነ በዋዜማው የሞተር ዘይትና ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) አስለወጥኩ። 200 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሄድ የዘይት መብራቱ በራ። ወዲያው ሞተር አጥፍቼ ከስር ብገባ ዘይቱ በፊልትሮው ዙሪያ ይወርዳል። ለካ የአሮጌው ፊልትሮ ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱን በላዩ ላይ አስረውት ኖሯል! ሁለት ጎሚኒ ሲደራረብ የዘይቱን ግፊት አይችልም፤ ይተፋል። ወንድሜ፣ ቦታውን በጨርቅ ጠርጎ በጣት መዳሰስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ሞተር የሚያህል ነገር በዚህ ይቃጠል?

ደግሞ «ገና ዛሬ የተለወጠ ነው፣ ምን ትርፍ ዘይት ያስይዝሃል» ያለኝ ራሱ መካኒኩ ነው። ሰምቼው ቢሆን እዚያው አድሬ ነበር። 4 ሊትር ዘይት ይዤ ስለነበር ጎሚኒውን ልጬ፣ ፊልትሮውን መልሼ አሰርኩና ሞላሁ። ቺንጋም (ሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ)፣ ፊውዝም፣ የራዲያተር ጎማ ከነማሰሪያውም ሁሌ ከኋላ አለ። ቺንጋ ሲበጠስ በብዙ መኪና ባትሪ የሚሞላው ዲናሞም ሞተር የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፑም አብረው ይቆማሉ፤ ታዲያ ይሄ ሸክም ነው?

ያችን ጥቁር ጎሚኒ አልጣልኳትም። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ።